የኪቦርዱ ግራ እጅ የማይተካው

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤዝ ጊታር የጀመርኩት በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ባንድ ውስጥ ነው፤ አሁን ቅዳሜና እሑድ ማታ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እጫወታለሁ። የባንዱ መሪ ትምህርቴን አቋርጬ አብሬአቸው አዲስ አበባ እንድገባ ይወተውተኛል። ያለኝ ርካሽ ባለ አራት ክር ጊታር ስለሆነ ላፕቶፔን ሸጬ ባለ አምስት ክር ልገዛ አስቤአለሁ። እናቴ ደግሞ ‹አንድ ኪቦርድ ሠርጉን በሚጨርስበት ዘመን ቤዝ ማን ይፈልጋል?› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ እህቴ፣

ወደ ሙያ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ስምንት ዓመት በሆቴልና በሠርግ ባንዶች ውስጥ ቤዝ ተጫውቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ የራሴም ጥያቄ ነበር። ከእናትሽ ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መልስ እሳቸው በጠየቁት ላይ ይቆማል።

እናትሽ እውነታቸውን ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀበት ዘመን የሆቴል ባንዶች እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚውም እላፊው እስኪያበቃ እዚያው አብሮ ያነጋ ነበር። ነፋሹ፣ ጊታሩ፣ ድራሙ፣ ኦርጋኑ፣ ቤዙ ሁሉም በየቦታው የሚገኝበት ሙሉ ባንድ ነው። ከኢቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ሲጫወት የሰማ ሰው፣ ያ ድምፅ ከሥር ባይኖር ድምፃዊው ምን ላይ ይቆም ነበር ብሎ ይጠይቃል። ኋላ ሲንተሳይዘር ሲስፋፋ ባለ ሠርጉም ባለ ሆቴሉም ለስድስትና ለሰባት ሰው የሚከፍለውን ለአንድ ኪቦርዲስትና ለአንድ ድምፃዊ ከፍሎ መገላገል ቻለ። በዚያ አሠራር ቦታቸውን ቀድመው ካጡት አንዱ ቤዝ ነው። የኪቦርዱ ግራ እጅ ተረከበው።

ዛሬም የምትፎካከሪው ከሌላ ቤዝ ተጫዋች በላይ ከዚያ ግራ እጅ ጋር ነው። ደመወዝ የሚከፍልሽ ሰው አንቺን በቀጠረ ቁጥር ያለ አንቺም ሥራው ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል። እንግዲህ ያ እጅ የማይሰጠውን ምን ትሰጫለሽ?

አንደኛው ነገር የድምፁ ማለቂያ ነው። ጀማሪ ሁሉ ክሩን መቼ እንደሚመታ ያስባል፤ መቼ እንደሚያፍነው ግን አያስብም። ድራመሩ ስኔሩን (ከድራሙ ስል ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) በሚመታባት ቅጽበት የአንቺ ድምፅ ከተቆረጠ ስኔሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የባንዱ ድምፅ በሙሉ ጥብቅ ይላል። ድምፅሽ ከተንዘላዘለ ደግሞ ሁሉም ይደፈርሳል፤ ሳውንድማኑም የቱን ቀንሶ የቱን እንደሚጨምር ይጠፋዋል። ኪቦርዲስቱ ቀኝ እጁ ዜማ ላይ፣ ዓይኑ ድምፃዊው ላይ ሆኖ ይህን በየምቱ ሊጠብቀው ይከብደዋል። አንቺ ግን ሌላ ሥራ የለሽም።

ሁለተኛው ቺክቺካ የሚባለው የእስክስታ ምት ነው። ምቱ ስድስት መሆኑን ታውቂያለሽ። ለሁለት ስትከፍይው አንድና አራት ላይ ትረግጫለሽ፤ ለሦስት ስትከፍይው አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ። ከበሮውና ጭብጨባው በአንደኛው ሲሄዱ አንቺ ለአራት ዙር ያህል ወደ ሌላው ተሻግረሽ ተመለሺ። እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻ ላይ የሚሆነውን ታያለሽ። እኔ ይህን የተረዳሁት ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሽማግሌ ድራመር ልምምድ አስቁሞ «ሁለቱን ብቻ ያዝልኝ፣ ሦስቱን እኔ እጫወታለሁ» ሲለኝ ነው። ከዚያ በፊት ሁለታችንም አንድ ቦታ ላይ እየረገጥን ምቱን እናደነድነው ነበር። ቤትሽ ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም በጣም አዝግመሽ፣ አንዱን ክፍያ በእግርሽ፣ ሌላውን በክሩ አድርገሽ ተለማመጂው። የመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል።

ሦስተኛው ቅኝት ነው፤ እዚህ ላይ ከመዝሙር ባንድ ይዘሽው የመጣሽ አንድ ልማድ እንዳይጎዳሽ ልንገርሽ። በመዝሙርም በፖፕም ቤዝ ተጫዋች የሚጫወተው ሲጠፋበት መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ይረግጣል፤ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። አንቺሆዬ ላይ ግን ይከዳሻል። አንቺሆዬ ከሲ ቢነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው። አምስተኛው፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ብለሽ ስትቆጥሪ የምትደርሺበት ጂ፣ ቅኝቱ ውስጥ የለም። እጅሽ ለምዶበት ወደዚያ ከሄደ ድምፃዊዋ ጂ ፍላት ላይ ስትቆም ከሥሯ ትጋጫታለሽ፤ እሷም ምን እንደረበሻት ሳይገባት ፊቷን ወደ አንቺ ታዞራለች። አምባሰል ደግሞ ከዚያው ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂና ኤ ፍላት ስለሆነ አምስተኛው ይገኛል። ልዩነቱ በጣት እስኪለይ ድረስ አራቱን ቅኝቶች (ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን) ከ12ቱም መነሻ ድምፆች ተጫወቻቸው። ድምፃዊ ጉንፋን ሲይዘው «ግማሽ ዝቅ እናድርገው» የሚለው መድረክ ላይ ነው። ኪቦርዲስቱ ድምፁን ሁሉ በአንዴ ዝቅ የምታደርገውን ትራንስፖዝ የምትል ቁልፍ ይጫናል፤ አንቺ ያለሽ ጭንቅላትሽና ጣትሽ ነው።

አሁን ወደ ጊታሩ።

ላፕቶፕሽን አትሽጪ። ያለ እሱ 5ኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን እንዴት ትሠሪያለሽ? ዲትሮይት ውስጥ ለሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እጅግ ብዙ ዘፈን ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ሞዴል ባለ አራት ክር ፕሪሲዥን በሚባለው የፌንደር ቤዝ ነው። ክሩ ካልተበጠሰበት አይቀይርም ነበር፤ የቀኝ እጁም ሥራ ባብዛኛው በአንዲት ጠቋሚ ጣት ነው። ዛሬም ቤዝ ተጫዋቾች ያንን ለመምሰል ይደክማሉ።

ባለ አምስት ክር ክፉ ነው አላልኩም። በመዝሙር ባንዶች ውስጥ በጣም ተለምዷል፣ ዘመናዊ ቅንብር ላይም ከኢ በታች ያሉት ድምፆች ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አንቺ ያለሽበትን አስቢ። የአራት ክሩ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ክፍቱ ኢ፣ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የአምስተኛው ክር ቢ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። አብዛኞቹ የሆቴል ስፒከሮች 41ዱን እንኳ በደንብ አያወጡትም። ያንን ቢ ስትመቺ ሕዝቡ የሚሰማው እርግብግቢት ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ ሸጠሽ የገዛሽውን ድምፅ የሚሰማልሽ የለም። በእኔ ጆሮ ለሠርግና ለሆቴል ሥራ ፕሪሲዥን የሚመስል ቀላል አራት ክር፣ ከተገኘም ለስላሳው ፍላትዋውንድ ክር ተደርጎበት፣ ከማንኛውም ያጌጠ ጊታር ይበልጣል። ከከበሮው ጋር ይዋሃዳል እንጂ አይሻማም። ጃዝ ቤዝ የሚባለውን የጊታር ዓይነት የሚወዱ ጓደኞቼ ይህን ስል ይከራከሩኛል፤ እነሱ የሚወዱት ጥርት ያለ ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ያምራል፣ ጫጫታ ባለበት አዳራሽ ግን ይጠፋል።

ርካሽ ያልሽውን ጊታር መጀመሪያ አስፈትሺው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች 12ኛው) ላይ ክሩን በስሱ ነክተሽ የሚወጣውን ድምፅና እዚያው ተጭነሽ የሚወጣውን በቲዩነር አወዳድሪ። ሁለቱ ካልተስማሙ ብሪጁ (ክሩ ከታች የሚያርፍበት ብረት) ላይ ያለችውን ብሎን ማዞር ነው፤ ችግሩ የጊታሩ ርካሽነት አልነበረም። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ ክሩ ከፍሬቱ ሊርቅ ይችላል፤ እሱም ይስተካከላል። ኬብሉ በሚሰካበት ጃክ ላይ የሚንኳኳ ነገር ካለ ደግሞ ብየዳውን የኤሌክትሪካል ተማሪ ሆነሽ ለሰው አትስጪው። የቀረሽን ገንዘብ ለጥሩ ኬብልና ለትርፍ ክር አውዪው። እጅሽ ትንሽ ሆኖ 34 ኢንቹ የክር ርዝመት ካስቸገረሽ 30 ኢንች የሆኑ አጭር ቤዞች አሉ፤ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ስሙን ያስጠራበት ሆፍነር ቤዝ አጭር ነው። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም።

የባንዱ መሪ ጥሪ ላይ ቀጥተኛ ልሁን። ትምህርትሽን አቋርጠሽ አትሂጂ። ይህን የምለው ሙዚቃ ሥራ አይደለም ብዬ አይደለም፤ ሥራ ነው፣ ስምንት ዓመት በልቼበታለሁ። ግን ገቢው እንዴት እንደሚመጣ እወቂ። ሠርግ ጥር ላይ ይጎርፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ የሆቴሉም ምሽት ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ በጾም አይቀንስም። ጥር ላይ ያገኘነውን እስከ ሚያዝያ ማብቃቃት ያልቻልን ብዙዎች አምፕሊፋየራችንን ሸጠናል።

አንቺ ግን ከእኔ የተሻለ ነገር በእጅሽ አለ። መድረክ ላይ የሚቃጠል አምፕ፣ ሃም የሚል ሲስተም፣ በጄነሬተርና በመብራት መካከል የሚበላሽ ሚክሰር ሁሉ የአንቺ ትምህርት ነው። ድምፅ የሚገባውና ሽቦም የሚገባው ሰው በየባንዱ አይገኝም። ዲግሪሽን ይዘሽ፣ ቤዝሽን አንግተሽ ብትሄጂ በጾሙ ወራት ስቱዲዮ መግጠም፣ ሲስተም መጠገን ትችያለሽ። የቤዝ ሰው ሆኖ ትምህርትን ከመድረክ ጋር ያስኬደ ምሳሌ ከፈለግሽ ሄኖክ ተመስገን አለልሽ፤ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ተጫውቷል፣ ወጣቶችንም አስተምሯል።

አሁን ባለሽበት ሆቴልም ቢሆን ስምምነታችሁን በወረቀት አድርጊ። እኔ አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው ሆቴል ሁለት ወር ተጫውቼ አንድ ሳንቲም ሳልቀበል ወጥቻለሁ፤ ውላችን የባንዱ መሪና የሥራ አስኪያጁ የቃል ንግግር ነበር። ክፍያው በምሽት ነው በወር? ዝግጅቱ ቢሰረዝስ? ማታ ስድስት ሰዓት ሲያልቅ ቤትሽ የሚያደርስሽ መኪና ማን ይከፍላል? የመጨረሻውን ለሴት ልጅ እንደ ትርፍ ነገር አትዪው፤ የደመወዝሽ አካል ነው፣ እናትሽንም ከምንም በላይ የሚያሳርፋቸው እሱ ነው።

ሴት ስለሆንሽ «ለጌጥ ነው የያዟት» የሚልሽ ከገጠመሽ የካሮል ኬይን ታሪክ አስታውሺ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የስቱዲዮ ጊታሪስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 ለአንድ ቀረጻ የተቀጠረው ቤዝ ተጫዋች ሳይመጣ ሲቀር ቤዙን አንስታ ተጫወተች፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ስቱዲዮዎች እጅግ ከሚፈለጉት ቤዝ ተጫዋቾች አንዷ ሆነች። የቀረውን ሰው ስም ዛሬ የሚያነሳው የለም። በሰዓቱ መገኘት፣ ዘፈኑን አጥንቶ መምጣት፣ ጊታርን ቤት ቃኝቶ መድረስ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ስልክሽን ያስደውላል። ሐዋሳ ስላለሽ ደግሞ የሲዳምኛውን ምት ከአገሬው ሰው እዚያው ተማሪ፤ አዲስ አበባ የሚሠሩ ብዙዎች በግምት ነው የሚጫወቱት።

ስለ ጆሮሽ አንድ ቃል። 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት የመጨረሻው ልክ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ባንድ በቀላሉ የሚደርስበት 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሻል። ከሲምባሉ ራቂ፣ የጆሮ መሰኪያ አድርጊ። የእኔ ግራ ጆሮ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይጮኻል።

ለመሪሽ እንዲህ በዪው፦ «ስመረቅ እመጣለሁ፤ እስከዚያ በዕረፍት ጊዜና በጥር ሠርጎች ጥሩኝ።» ከፈለገሽ ይጠብቃል፣ ካልጠበቀም የሚፈልገው ቦታ የሚሞላለት ሰው ነበር ማለት ነው። በመጪው ቅዳሜ ደግሞ ስልክሽን ከመድረኩ ራቅ አድርገሽ፣ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ምሽቱን ቅጂ። እሑድ ጠዋት ብቻሽን ስሚው። ዜማውን ተዪው፤ ስኔሩን ብቻ ተከተዪ። ስኔሩ ሲመታ ድምፅሽ ተቆርጧል ወይስ ገና ይጎተታል? የሰማሽውን ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።