ሳሬን ነቀልኩ፣ ኤችኦኤው ደብዳቤ ላከብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ የራሴ ግቢ ያለው ቤት ነው። ባለፈው ሰመር የውሃ ቢሉ ሲያንገሸግሸኝ የፊት ለፊቱን ሳር ነቅዬ ጠጠር አፈሰስኩበት። ሁለት ላቬንደርም ተከልኩ። ባለቤቴ ደግሞ ጥግ ላይ ጎመን አወጣች። አሁን ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ (ከኤችኦኤው) «ያልተፈቀደ ለውጥ» የሚል ደብዳቤ ከነፎቶው መጣ። ሳሩ ይመለስ፣ አለበለዚያ ቅጣት አለ ይላል። ጓደኞቼ «ሕጉ ካንተ ጋር ነው፣ ዝም በላቸው» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። መዘዝ የሚያመጣብህ ሌላው ግማሽ ነው።

ከእውነቱ እንጀምር። ኮሎራዶ ውስጥ ኤችኦኤ ድርቅ የሚችል ተክል ከልክሎ «ሳር ብቻ ትከል» ሊልህ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሕግ ደግሞ እንዳንተ ላለ ለብቻው ለቆመ ቤት ይበልጥ ጠበቅ ብሏል፦ ማኅበሩ ውሃ የሚቆጥቡ ቢያንስ ሦስት የግቢ ንድፎች አስቀድሞ አጽድቆ ማስቀመጥ አለበት፣ ከግቢህ 80 በመቶውን ድርቅ በሚችል ተክል ለመሸፈን የሚያስችል አማራጭም መፍቀድ አለበት። አትክልትንም ከፊት ይሁን ከጓሮ መከልከል አይችልም። ስለዚህ፣ አትሳቅ፣ ግቢህ ውስጥ በሕግ በኩል በጣም የማይነካው ነገር የባለቤትህ ጎመን ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። ሕጉ ተክሉን ነው የጠበቀልህ እንጂ «ሳታስፈቅድ ቆፍር» አላለም። ማኅበሩ መልክን በተመለከተ ምክንያታዊ ደንብ ሊኖረው ይችላል፣ ፕላን አስገባ ማለትም ይችላል። ጠጠር ደግሞ ተክል አይደለም። «ዜሪስኬፕ» (ውሃ ቆጣቢ የግቢ አተካከል) የሚለውን ቃል በ1981 የፈጠረው የዴንቨር የውሃ ድርጅት ነው፤ «ዜሪ» በግሪክ ደረቅ ማለት ነው። ሰው ግን «ዜሮስኬፕ» እያለ ይሰማውና ሁሉንም ጠርጎ ድንጋይ ያለብሰዋል። ጠጠር በሰመር እንደ ምጣድ ይግላል፣ አቧራ ሲሞላበት አረም ያበቅላል፣ ከዚያ ኤችኦኤው በአረሙ ሌላ ደብዳቤ ይልካል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ላቬንደር በጠጠር ባሕር መሃል ፎቶ ላይ ሲታይ ያልተጨረሰ ሥራ ነው የሚመስለው። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።

ዝም አትበላቸው። ዛሬውኑ በኢሜይል ሁለት ነገር ጻፍ፦ ያጸደቃችኋቸውን ሦስት ንድፎች ላኩልኝ፣ እኔም ማስተካከያ ፕላን አስገባለሁ በል። ስልክ አይበቃም፣ የተጻፈ ነገር ይኑርህ። ፕላኑ አርክቴክት አያስፈልገውም። ግቢውን በሜትር ለካና በነጭ ወረቀት ሳለው፣ እያንዳንዱን ተክል ሲያድግ በሚኖረው ስፋት ልክ በክብ አስቀምጠው። የችግኙን መጠን ከሳልክ ወረቀቱም ባዶ ይመስላል፣ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የተክሎቹን ስም ጻፍ፣ በመሃላቸው ያለው መሬት የእንጨት ፍቅፋቂ ይሁን ጠጠር ግለጽ፣ በእግረኛ መንገዱ በኩል ያለውን ጠርዝ በንጹህ መስመር ጨርስ። ሳር የግድ ነው ካሉ በፋሎ ግራስ አለ፤ የዚያው አገር ሳር ነው፣ ውሃም እንደ ተለመደው የግቢ ሳር እንደ ኬንታኪ ብሉግራስ አይጠጣም። ዴንቨር አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 15 ኢንች ገደማ ነው፣ ብሉግራሱ ደግሞ በአንድ ሰመር ብቻ ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ማንም የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። ግቢህ ዛፍ ካለው እስከ ዛሬ ውሃ ሲጠጣ የኖረው ከሳሩ ስፕሪንክለር ነው። ስፕሪንክለሩን ዘግተህ ዛፉን ከረሳኸው ቀስ ብሎ ይደርቃል። ዛፉ ሥር ወደሚያንጠባጥብ ቱቦ ቀይረው።

ስለ ቅጣቱ፦ በኮሎራዶ ሕግ ጤናና ደህንነትን በማይነካ ጥፋት ለማስተካከል መጀመሪያ 30 ቀን ይሰጡሃል፣ ለአንድ ጥፋት ጠቅላላ ቅጣቱም ከ500 ዶላር ማለፍ አይችልም። ደግሞ ደብዳቤ በአማርኛም እንዲደርስህ ካስመዘገብክ ከእንግሊዝኛው ጋር መላክ አለባቸው። አስመዝግብ፣ ምን አለበት።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። ማኅበራችን በሰፈሩ መግቢያና በመንገዱ ዳር ያለውን ሳር ሊያስነቅል ነው። ቀጥሎ የልጅ ልጆቼ የሚጫወቱባትን የጓሮ ሳሬን ይነኩብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይነኩብዎትም እናቴ። ኔቫዳ በ2021 ያወጣችው ሕግ የሚመለከተው ማንም የማይረግጠውን፣ ለዓይን ብቻ የተተከለውን ሳር ነው። ከ2026 መጨረሻ በኋላ እንዲህ ያለው ሳር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ አይጠጣም፤ የቬጋስ ውሃ 90 በመቶው ገደማ ከዚያው ወንዝ ስለሆነ አማራጭ የለም ማለት ነው። የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ግቢ እዚህ ውስጥ አልተካተተም።

በስብሰባው ላይ ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሳሩ ከመነቀሉ በፊት ለደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን የገንዘብ ድጋፍ አመልክታችኋል? ሳሩን ቆሞ ሳለ አይተው ነው የሚፈቅዱት። ቀድሞ ከተነቀለ ገንዘቡ ይቀራል፣ ወጪውም ከእርስዎ ወርሃዊ መዋጮ ይሄዳል። ለግል ግቢም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዳላስ፣ ቴክሳስ። ድርቅ የሚችል ተክል ልተክል ለማኅበሩ ፕላን አስገብቼ ነበር፣ «ከሰፈሩ ጋር አይሄድም» ብለው በአንድ መስመር መለሱኝ። አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። ቴክሳስ ከ2013 ጀምሮ ድርቅ የሚችል አተካከልን ማገድ ከልክላለች። ማኅበሩ ፕላንህን አይቶ ከሰፈሩ መልክ ጋር መሄዱን መመዘን ይችላል፣ ያለ በቂ ምክንያት ግን እምቢ ማለት አይችልም። «የትኛው ተክል፣ የትኛው ቦታ ነው የማይሄደው? በጽሑፍ ንገሩኝ» ብለህ መልስላቸው። ያንን ካሉህ አስተካክለህ እንደገና ታስገባለህ። ካላሉህ ደግሞ ያችን አንድ መስመር አትጣላት፣ ጠበቃ ጋ ከሄድክ መጀመሪያ የምታሳየው እሷን ነው።