ወረቀቱ ሳይመጣ አትልቀቂ

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው። ልጆቼ የጤና ኢንሹራንስ ያላቸው በእኔ ሥራ ነው። ክፍላችን ይታጠፋል ከተባለ ወራት አለፉ። አለቃዬ ባለፈው ጠርታኝ «ሪፍ (የሥራ ቦታ ቅነሳ) ከሚደርስብሽ ራስሽ ብትለቂ ለስምሽ ይሻላል» አለችኝ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ልልቀቅ ወይስ ልጠብቅ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጠብቂ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁት በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ውስጥ ነው። በደህናው ጊዜ ጎበዝ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ባለ ወሬ ተደናግጠው ሲፈርሙ አይቻለሁ። አንዷ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገብታ ስትወጣ፣ የሪፍ ማስታወቂያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብረዋት የነበሩት የስንብት ክፍያ ሲያገኙ እሷ ባዶ እጇን ቀረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሪፍ የሥራ ቦታ ቅነሳ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። ስትሰናበቺ የሚሰጥሽ ኤስኤፍ-50 የተባለው የቅጥርና የስንብት ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል። ያንን ያየ ቀጣሪ አጥፍታ ተባረረች አይልም። ስለዚህ ስምሽን አስመልክቶ የተነገረሽን እርሺው።

አሁን የስንብት ክፍያውን እናስላ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በየዓመቱ የ1 ሳምንት መነሻ ደመወዝ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ሳምንት። ያንቺ 10 እና 14፣ በድምሩ 24 ሳምንት ይሆናል። ከ40 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሙሉ 3 ወር ደግሞ 2.5 በመቶ ይጨመራል። 44 ከሞላሽ 40 በመቶ ነው። ተደምሮ ከ33 ሳምንት ተኩል በላይ ይደርሳል። ጣሪያው 52 ሳምንት ነው። ማስታወቂያው ሳይደርስሽ በፈቃድሽ ከለቀቅሽ ይህ ሁሉ የለም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እዚያው አካባቢ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ ከደረጃሽ ከሁለት በላይ ዝቅ የማይል ተመሳሳይ ቋሚ ሥራ ሰጥተውሽ እምቢ ካልሽ፣ የስንብት ክፍያው ይቀራል።

ምናልባት «ገንዘብ ተቀብለሽ በፈቃድሽ ውጪ» የሚል ሐሳብ ያቀርቡልሽ ይሆናል። በብዙ መሥሪያ ቤት ጣሪያው 25,000 ዶላር ነው። ከ33 ሳምንቱ ጋር አወዳድሪው። በ5 ዓመት ውስጥ ወደ ፌዴራል ሥራ ብትመለሺ ደግሞ ገንዘቡን መልሰሽ መክፈል ይኖርብሻል።

አሁኑኑ፣ የመታወቂያ ካርድሽ እየሠራ ሳለ፣ ፋይልሽን አውርጂ። ከቅጥርሽ ጀምሮ ያሉትን ኤስኤፍ-50ዎች፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት የሥራ አፈጻጸም ውጤቶች፣ የሥራ መደብሽን መግለጫ፣ የደመወዝ ወረቀቶችሽን ሰብስቢ። የራስሽን ብቻ ውሰጂ፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ወደ ግል ኢሜይል አትላኪ። ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለው የሚወሰነው በቅጥር ዓይነት፣ በውትድርና አገልግሎት፣ በሥራ ዘመንና በአፈጻጸም ውጤት ነው። የሥራ ዘመን መነሻ ቀንሽ ትክክል መሆኑን ደጋግመሽ እዪ። በጊዜያዊነት የተሠራ የመጀመሪያ ዓመት ሳይቆጠር የቀረበት ፋይል በእጄ አልፏል። ያንን ከማስታወቂያው በፊት ማስተካከል በጣም ይቀላል።

ማስታወቂያው ከመጣ የ60 ቀን ጊዜ ይሰጥሻል። ልዩ ፈቃድ ካገኙ ወደ 30 ሊያወርዱት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለው የተወሰነበትን፣ ስምሽ ያለበትን ዝርዝር የማየት መብት አለሽ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አንቺ ጠይቂ። የይግባኙ ቦታና ቀን እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ለረጅም ጊዜ የሠራው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ ለተቋቋመው የሠራተኞች ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ከስንብቱ ቀን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ነው። ደንቦች ስለሚለዋወጡ ወረቀትሽ ላይ ያለውን ተከተይ። ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) ካላችሁ መጀመሪያ እነሱን አነጋግሪ፤ አንዳንዴ መንገዱ በእነሱ በኩል ብቻ ነው።

የልጆቹ ኢንሹራንስ ከስንብት በኋላ ለ31 ቀን ያለ ክፍያ ይቀጥላል። ከዚያ እስከ 18 ወር ማራዘም ይቻላል፤ ግን ሙሉውን ዋጋና 2 በመቶ ተጨማሪ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ውድ ነው። የባለቤትሽ ሥራ ኢንሹራንስ ካለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ያልተጠቀምሽበት አኒዋል ሊቭ (የዓመት ፈቃድ) በገንዘብ ይከፈልሻል። ሲክ ሊቭ (የሕመም ፈቃድ) አይከፈልም፤ ወደ ፌዴራል ሥራ ከተመለስሽ ግን ይቆጠርልሻል። አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ክፍያ) ለማግኘት የምታመለክቺው በምትኖሪበት በሜሪላንድ ሳይሆን የሥራ ቦታሽ ባለበት በዲሲ ነው።

ስለ እንቅልፉም ዝም አልልም። መሥሪያ ቤትሽ ለሠራተኞች ነጻ የምክር አገልግሎት አለው፤ የምትነግሪያቸው በሚስጥር ይያዛል። ዛሬውኑ ደውዪ። በትውልድ አገርሽ ወይም በአነጋገርሽ ምክንያት ተለይተሽ እንደተነካሽ ከተሰማሽ ደግሞ፣ የእኩል ዕድል አማካሪውን በ45 ቀን ውስጥ ማነጋገር አለብሽ።

አለቃሽ ዳግመኛ «ልቀቂ» ካለችሽ በትህትና «በጽሑፍ ይላኩልኝ» በያት። ባትልክም ያለችውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቤትሽ ባለ ደብተር ላይ ጻፊ። ተገድደሽ ብትለቂ፣ መገደድሽን ለማስረዳት የሚያገለግልሽ ያ ማስታወሻ ነው።