ዣኦ ቱዎ፦ ንጉሥ ወይስ ንጉሠ ነገሥት?

ጥያቄ፦ ዣኦ ቱዎ የሚባል የጥንት ቻይና የጦር አዛዥ በደቡብ የራሱን መንግሥት እንዳቋቋመ አነበብኩ። አንድ ሹም ያን ያህል አገር ቆርሶ እንዴት ሊይዝ ቻለ? ማዕረጉስ ንጉሥ ነው ወይስ ንጉሠ ነገሥት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እርስዎ የጣርማ በር ጎረቤት ስለሆኑ የመጀመሪያው አይከብድዎትም፤ በሩን የያዘ መንገዱን ያዘ።

ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት ከናንሊንግ ተራሮች በስተደቡብ ያለውን አገር የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት፣ ከመጨረሻው በቀር፣ እንዲሁ ናቸው)። ዣኦ ቱዎ በዚያ የሎንግቹዋን ወረዳ ሹም ነበር። ቺን በዐመፅ ሲናጥ ሎንግቹዋን የምትገኝበት የናንሃይ አውራጃ ገዥ ረን ሺያኦ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ጠራውና ሥልጣኑን አስረከበው። ዣኦ ቱዎ ቶሎ ብሎ ሄንግፑ፣ ያንግሻንና ሁዋንግሺ የተባሉትን የተራራ በሮች አዘጋ። ከዚያ ቺን የሾማቸውን ሹማምንት በሕግ ሰበብ እየገደለ በራሱ ሰዎች ተካ። በ204 የናንዩዌ ንጉሥ ነኝ አለ፤ መናገሻውም የዛሬዋ ጓንግዡ፣ ያኔ ፓንዩ ነበረች።

ቺንን የተካው የሃን መንግሥት በ196 መልእክተኛውን ሉ ጂያን ልኮ ንግሥናውን አጸደቀለት። ዣኦ ቱዎ የተቀበለው እንደ አገሬው ሰው ጸጉሩን አናቱ ላይ ቋጥሮ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነው። በቻይና ወግ ነውር ነው፤ እኛስ ዘንድ ቢሆን እንግዳ ፊት እግር ይዘረጋል?

ጠቡ የመጣው ሃንን በምትገዛው በእቴጌ ሉ ዘመን ነው። የብረት መሣሪያ ወደ ደቡብ እንዳይሸጥ ታገደ፤ ፈረስ፣ ከብትና በግም ወንዱ ብቻ እንጂ እንስቷ አትሸጥም ተባለ። የመንዝ በግ አርቢ የዚህ ተንኮል ወዲያው ይገባዋል፦ አውራ ብቻውን መንጋ አያበዛም፤ ገዥው ዘላለም የሻጩን ደጅ ይጠናል። ዣኦ ቱዎ ተቆጥቶ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለና ከሃን በኩል ጎረቤቱ የሆነችውን ቻንግሻን ወጋ። እቴጌዋ የላከችው ጦር ሙቀቱና እርጥበቱ ወረርሽኝ አምጥቶበት በሮቹን ሳያልፍ ቀረ። በ180 ስትሞት ጦሩ ተመለሰ።

አዲሱ የሃን ንጉሠ ነገሥት ዌን በኃይል ፈንታ በሰሜን፣ በትውልድ አገሩ ጀንዲንግ ያለውን የዣኦ ቱዎን ወላጆች መቃብር አሳድሶ ጠባቂ መደበለት፤ ሉ ጂያንም እንደገና ላከው። ዣኦ ቱዎ ማዕረጉን ትቻለሁ ብሎ ጻፈ። ለሃን ሲጽፍ ንጉሥ፣ በአገሩ ግን ንጉሠ ነገሥት እንደተባለ በ137 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጓንግዡ ውስጥ የተገኘው የልጅ ልጁ የዣኦ ሞ መቃብርም የወርቅ ማኅተም ነበረበት፤ የተቀረጸበትም «የንጉሠ ነገሥት ዌን ማኅተም» የሚል ነው። ዌን የተባለው ራሱ ዣኦ ሞ እንጂ የሃኑ አይደለም።