የጦርነት ዜና ለምትከታተሉ ወጣቶች፦ ከአንድ የቀድሞ ወታደር

ልጆቼ፣

የሆነ ቦታ ጦርነት በተነሳ ቁጥር «እርስዎ ወታደር ነበሩ፤ ይሄ ዜና እውነት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም አብዛኛውን ጊዜ «ገና ነው፤ ትንሽ ቆዩ» እላለሁ። መልሱ እንደማያረካችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ስለዚህ ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ውጊያ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ጥቂት ነው። ከምሽግ ሆኜ የማየው ከፊቴ ያለውን ገመገም፣ በግራና በቀኜ ያሉትን ጓዶቼን፣ ከዚያ ወዲያ ጭስና አቧራ ነበር። የጎናችን ጋንታ ወደ ኋላ መሳቡን እንኳ የምንሰማው ከረፈደ ነው። ማታ ሬዲዮ ስንከፍት ግን የተዋጋንበት ቦታ ስም ተጠርቶ፣ ድሉ ተበስሮ፣ የሙትና የቁስለኛው ቁጥር ተዘርዝሮ እንሰማለን። እኛ ገና የወደቁብንን አንስተን አልጨረስንም።

ኋላ ዘመቻ መምሪያ ተመድቤ ሪፖርት ስቀበል ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አየሁ። የጋንታ መሪው በመገናኛ ሬዲዮ «ከፊታችን ወደ ሃያ ወድቋል» ይላል። ተኩስ ላይ ሆኖ በዓይኑ የገመተው ነው። በጎን ያለው ጋንታም ወደዚያው ኮረብታ ሲተኩስ ስለነበር እነዚያኑ ሰዎች ቆጥሮ ለሻምበሉ ያሳውቃል። ሻለቃው ሁለቱን ይደምራል፤ መድፈኛው ደግሞ የራሱን ግምት ያክልበታል። ብርጌድ ሲደርስ ሃያው ስልሳ ሆኗል። በዚህ ሁሉ መሀል ሆን ብሎ የዋሸ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል።

በሠለጠነው ጦርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላኖች ጣልን ብለው አወጁ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲታይ የወደቁት 60 ገደማ ነበሩ። አንዱን አውሮፕላን ብዙ አብራሪ ተኩሶበት፣ ሲወድቅ ሁሉም የኔ ነው ብሎ ነበርና።

ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «ማን ቆጠረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም «ውጊያው ሲያበቃ ቦታው በማን እጅ ነበር?» በሉ። ቦታውን ለቆ የወጣ ጦር የሌላውን ወገን ሙት ሊቆጥር አይችልም። የሚነግራችሁ ግምቱን ወይም ምኞቱን ነው።

ታስቦበት የሚፈበረክ ውሸት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1990 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በአሜሪካ የምክር ቤት አባላት ፊት ቀርባ፣ ኩዌትን የወረሩት የኢራቅ ወታደሮች ሆስፒታል ገብተው ሕፃናትን ከኢንኩቤተር (ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚቆዩበት ማሞቂያ) እያወጡ መሬት ላይ ሲጥሉ አየሁ ብላ እያለቀሰች መሰከረች። ታሪኩ ዓለምን አዳረሰ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1992፣ ልጅቱ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ እንደነበረች ታወቀ፤ ታሪኩም ሲጣራ ማስረጃ አልተገኘለትም። ወረራው እውነት ነበር፣ በሕዝቡ ላይ የደረሰው ግፍም እውነት ነበር። ውሸቱ የታመነው እውነቱን ተደግፎ ስለቆመ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ በልቡ ይዞ የሚተኩስ ወታደር እጁን ለሰጠ ሰው ምን ያህል ምሕረት እንደሚኖረው አስቡት።

ዛሬ ከስልካችሁ ስለሚመጣው ቪዲዮም አንድ ነገር ላሳያችሁ። «አርማ 3» ከሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ የተቀዱ ምስሎች የእውነተኛ ጦርነት ናቸው ተብለው ደጋግመው ተሠራጭተዋል። ፍንዳታ ስታዩ ድምፁን አዳምጡ። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሩቅ ተራራ ላይ የፈነዳው ነገር ብልጭታውና ጩኸቱ እኩል ከመጡ ምስሉን አትመኑት። መድፍ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ብልጭታውን አይቶ በልቡ መቁጠር ይጀምራል፤ ርቀቱን የሚለካው በዚያ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ግን የምርኮኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የተፈረመው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ አንቀጽ 13፣ ምርኮኛ ከስድብና ለሕዝብ መታያ ከመሆን ይጠበቅ ይላል። ምርኮኛ አይቻለሁ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ውሃ ስትሰጡት ጽዋውን ለመያዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራ ሲቀርብበት ደግሞ የጠየቁትን ሁሉ ይናገራል። በዚያ ሰዓት የሚናገረው ነገር ምስክርነት አይደለም፤ ሕይወቱን ለማትረፍ የሚናገረው ነው። ፊቱ ከታየ ቤተሰቡ ላይ መዘዝ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የማንም ወገን ምርኮኛ ይሁን፣ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ አታጋሩ። የሞተ ሰው ፊትም እንደዚሁ ነው። እናቱ መርዶዋን ከስልክ ላይ ማየት የለባትም፤ ይህን የማድረግ መብት ለማናችንም አልተሰጠንም።

ወታደር ጋዜጠኛ ይጠላል ሲባል እሰማለሁ። የምንጠላው ካምፕ ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመለሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ዊልያም ሃዋርድ ራስልና ባልደረባው የእንግሊዝ ወታደር በብርድና በበሽታ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ቁስለኛው ያለ ሐኪምና ያለ ፋሻ እንዴት እንደተጣለ ጻፉ። አዛዦቹ ተቆጡ፤ ሕዝቡ ግን ገንዘብ አዋጣ፣ እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ነርሶቿን ይዛ ዘመተች። ያ ዘገባ ከብዙ ጥይት ይልቅ ለወታደሩ ጠቅሞታል።

እንግዲህ ከእናንተ መሀል ዘጋቢ ለመሆን የምታስቡ ካላችሁ፣ ግንባር ስትደርሱ መግለጫ ከሚሰጠው መኮንን በፊት የሕክምና ጣቢያውን ሰዎችና የስንቅና ትጥቅ ኃላፊውን ፈልጉ። በሌሊት ስንት አልጋ እንደተዘረጋ፣ ፋሻ መቼ እንዳለቀ፣ ውሃ የጫነ መኪና ለምን እንዳልደረሰ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ከነሰዓቱ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ መግለጫውን ለመስማት ሂዱ።