ባቲ ስወርድ ሽንቴ ለምን ይጠቁራል? ላልሽው

አብሽሪ እህቴ። ሰኞ ባቲ ገበያ ስትውዪ ሽንትሽ ትንሽና ደማቅ ቢጫ፣ ደሴ ስትመለሺ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣል ብለሻል። ኩላሊቴ ታሞ ይሆን ብለሽም ሰግተሻል።

ባቲ ላይ ላቡ ውሃሽን ሲወስደው ደምሽ ጨው ይበዛበታል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ይህን ወዲያው ያውቃል። ያስጠማሻል፤ በፒቱታሪ ዕጢ በኩልም ቫሶፕረሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ሲደርስ ውሃው ወደ ደም ይመለሳል። ሁሌ የሚደንቀኝ፣ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ አጣርቶ የሚያስወጣው 1 ወይ 2 ሊትር ብቻ መሆኑ ነው! ጨው ከሽንት ጋር እንዳይወጣ ሰውነት ውስጥ የሚያቆየው ደግሞ አልዶስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ነው።

የደሴ ብርድ የቆዳ ደም ስሮችን ያጠብባል። ደም ወደ መሃል ሰውነት ሲሰበሰብ ቫሶፕረሲን ይቀንሳል፣ ሽንት ይበዛል።

ጥሙና ሽንቱ ሌሊትም እንቅልፍ ከነሳሽ ግን ስኳርሽን ተለኪ፣ እባክሽ።