ኮር አይ 7 የሚለው ስቲከር አይሸውድህ

«ኔትወርኪንግ እየተማርኩ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ዊንዶውስ 10 እና ካሊ ሊኑክስ አንድ ላይ ማስነሳት እፈልጋለሁ። ሻጩ ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ቀጭን ላፕቶፕ አሳየኝ። ልግዛው?»

አትግዛው። ቢያንስ ውስጡን ሳታይ አትግዛው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን (ቨርቹዋል ቦክስ ላፕቶፑ ውስጥ ለሚፈጥረው ኮምፒውተር) 4 ጊጋ ራም ከሰጠኸው፣ እስኪዘጋ ድረስ 4 ጊጋው የሱ ነው በለው። ላፕቶፑ ራሱ፣ ብሮውዘር ከተከፈተበት፣ 4 ጊጋ አካባቢ ይበላል። ለሰርቨሩ 4፣ ለዊንዶውስ 10 ሌላ 4፣ ለካሊ 2። 14 ሞላ። ስለዚህ መነሻህ 16 ጊጋ ነው። ወደ 32 ማሳደግ የሚቻል ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ችግሩ ቀጫጭኖቹ ላይ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ይዞ መጣና «ራም ጨምርልኝ» አለኝ። ጀርባውን ፈታሁት። የራም መሰኪያ የሚባል ነገር የለውም፤ ቺፖቹ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል። ብሎኑን መልሼ አሰርኩና ሸኘሁት።

አንተ ግን መፍቻ ሳትይዝ ሱቁ ውስጥ ማየት ትችላለህ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪን ንካ። «ፎርም ፋክተር» ከሚለው አጠገብ «ሶዲም» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚነቀል ራም አለው። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ የተበየደ ነው፣ ተወው።

እዚያው ሲፒዩን ንካና «ኮርስ» የሚለውን እይ፤ ሥራውን የሚካፈሉት የሲፒዩው ክፍሎች ብዛት ነው። 7ኛ ጄነሬሽን ኮር አይ 7-7500ዩ ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። 8ኛው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 4 አለው። ለአንተ ሥራ አይ 5ቱ ይሻልሃል ማለት ነው! «ቨርቹዋላይዜሽን» ላይ «ዲሴብልድ» ቢል አትደንግጥ፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ ታበራዋለህ። ብቻ ባዮሱ በፓስወርድ አለመቆለፉን ከመክፈልህ በፊት ገብተህ አረጋግጥ። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ላፕቶፖች ላይ ይህ አንዳንዴ ያጋጥማል፤ ማስከፈቱም ጣጣ ነው።

እኔ ብሆን ሌኖቮ ቲ480፣ ዴል ላቲቲውድ 7490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እፈልጋለሁ። ሦስቱም ሁለት የራም መሰኪያ አላቸው። ሌኖቮው ላይ ግን ፊደሏን ልብ በል፤ ቲ480ኤስ የሚባለው የራሙ ከፊል የተበየደ ነው። አፕል ኤም ቺፕ ያላቸውን ደግሞ አታስባቸው። አሪፍ ማሽኖች ናቸው፤ ግን ለኢንቴል የተሰራውን ዊንዶውስ ሰርቨር ቨርቹዋል ቦክስ ላይ እንደልብህ አታስኬድባቸውም።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ 512 ጊጋ ቢሆን ጥሩ ነው። በድሮው ሃርድ ዲስክ ሦስቱን ባንዴ ስታስነሳ ቡናው ተቆልቶ፣ ፈልቶ አቦሉ ይጠጣል።

በመጨረሻ ቻርጀሩን ንቀልና ሻጩ ፊት 20 ደቂቃ አስራው። መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑ ድርግም ካለ የቨርቹዋል ዲስኩ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ካልቆየልህ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሰው።