እንደወለድኩ መከላከያ ማድረግ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የዘጌ ነዋሪ ነኝ። ሦስተኛ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሁለተኛዋን ያረገዝኩት የመጀመሪያውን እያጠባሁ፣ የወር አበባም ሳላይ ነው። አሁን ቢያንስ አራት ዓመት ማረፍ እፈልጋለሁ። የምወልደው ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ መጥቼ ነው። አንዴ ወደ ቤቴ ከተመለስኩ ግን በሦስት ልጅ ቶሎ የምወጣ አይመስለኝም። እዚያው እንደወለድኩ የረጅም ጊዜ መከላከያ ይሰጡኛል? አማቴ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወተት ያደርቃል፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ደግሞ ወደ ልብ ይወጣል ይላሉ። ባለቤቴ "አንቺ እንዳልሽው" ብሎኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ በሰባተኛው ወር መጠየቅሽ ነው። ብዙ እናቶች ስለ መከላከያ መጀመሪያ የሚሰሙት ምጥ ይዟቸው አልጋ ላይ ሆነው ነው። ያን ሰዓት "እሺ" ብትልም "እምቢ" ብትልም የዚያች ሴት መልስ ለእኔ ውሳኔ አይደለም። የምትፈልገው ከምጡ መገላገል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሁለተኛ ልጅሽ እንዴት እንደመጣች ልንገርሽ። ጡት ማጥባት በደንብ የሚከላከለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ የወር አበባሽ ካልተመለሰ፣ ቀንም ሌትም ከጡት በቀር ሌላ ካልቀመሰ። የአብሽ ውሃ ወይም የላም ወተት ከተጀመረ ነገሩ ይላላል። እንቁላሉ ደግሞ የሚወጣው ከወር አበባ በፊት ነው። ስለዚህ ደም ሳታዪ ማርገዝሽ የሚገርም አይደለም። ደጋግሞ ያጋጥማል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ሉፕ የእንግዴ ልጁ በወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ካልሆነም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ይገባል። ያ ካለፈ 4 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ሽርት ውኃሽ ከ18 ሰዓት በላይ ቀድሞ ከፈሰሰ፣ ኢንፌክሽን ወይም አልቆም ያለ ደም ካለ ግን ያን ቀን አይገባም። ወዲያው የገባ ሉፕ ቆይቶ ከሚገባው ይልቅ ተንሸራቶ የመውጣት ዕድሉ ሰፋ ይላል። ለዚህ ነው በስድስተኛው ሳምንት መታየት ያለብሽ።

ክንድ ላይ የሚቀበረው ሁለት ዓይነት ነው። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ነው፣ ለ3 ዓመት። ጃዴል ሁለት ዘንግ ነው፣ ለ5 ዓመት። ብዙ በማትሠሪበት እጅሽ፣ በላይኛው ክንድ በውስጥ በኩል ማደንዘዣ ትወጊያለሽ። ከዚያ የክብሪት እንጨት የምታክለው ዘንግ ከቆዳ ሥር ትገባለች። በጣትሽ ስትዳብሺያት ትገኛለች። ጥቂት ቀን ሊበልዝ ይችላል። ሁሉም ነገር ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

አማትሽ የሚሉትን አልንቅም። ወተት የሚቀንስ መከላከያ በእርግጥ አለ፤ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት እንክብል ለአራስ የማይሰጠውም ለዚህ ጭምር ነው። የክንዱ ግን ኤስትሮጅን የለውም። ድሮ እኛም የምታጠባ እናት 6 ሳምንት ትጠብቅ እንል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን አሻሽሎ፣ የምታጠባ እናትም እንደወለደች ልትወስደው ትችላለች አለ። ሉፑን በተመለከተ፣ በጣም አልፎ አልፎ የማህፀንን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ልብ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ግን የለም። ይህንን ለእሳቸውም በእርጋታ ንገሪያቸው።

እንደ አንቺ አራት ዓመት ማረፍ ለምትፈልግ፣ ለክትትል መመላለስም ለሚከብዳት እናት እኔ የማደላው ለጃዴል ነው። ተንሸራቶ ይወጣል የሚል ስጋት የለውም፤ በአራተኛው ዓመት ልጅ ካማረሽም ታስወጪዋለሽ፣ የመውለድ አቅምሽም ቶሎ ይመለሳል። ግን ደሙን አስቀድመሽ እወቂው፦ ሊዛባ፣ ጠብ ጠብ ሊል፣ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ብዙዎች የሚያስወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አዋላጇ ትወቀው፤ አንዳንዶቹ የክንዱን ኃይል ያዳክማሉ። ያኔ ሉፑ ይሻልሻል። ኤችአይቪን ግን ሁለቱም አይከላከሉም።

በሚቀጥለው ክትትልሽ ከባለቤትሽ ጋር ሂጂ። ምርጫሽ ካርድሽ ላይ ይጻፍ፤ ካርዱንም ለምጥ ቀን ከሕፃኑ ልብስ ጋር አስቀምጪው። በመንግሥት ጤና ተቋም ማስገባቱም ማስወጣቱም በነፃ ነው። ባሰኘሽ ጊዜ "አውጡልኝ" የማለት መብት አለሽ፤ ጊዜው አልደረሰም ብሎ የሚመልስሽ ሊኖር አይገባም። ወደ ዘጌ ከተመለስሽ በኋላ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ክንድሽ ላይ መግል ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ።